ዝናብ በካሴት

የማን ዘፈን ነው ብለህ ስትጠይቀኝ ቶሎ ያልመለስኩልህ ወድጄ አይደለም። ቻርጀር ስፈልግ ከመሳቢያው ሥር የወጣው ካሴት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዝናብ ፫» ተብሎ ተጽፏል። አፍንጫዬ ሥር ሳስጠጋው፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ዛሬም በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ዘፈን አይደለም። ሰቆጣ ላይ የዘነበ ዝናብ ነው፣ በየቀኑ ተለክቶ በድምፅ የተቀዳ። መጨረሻው ላይ ብቻ ቁራጭ የሠርግ ዘፈን አለበት፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፣ የማጠናውም ኮምፒውተር ሳይንስ ነበር። ክረምት ሰቆጣ ስገባ ወንድሜ ከሳዑዲ የላከልኝን ላፕቶፕ አዝዬ በሰፈሩ እንጎራደድ ነበር። ሦስት ፕሮግራም ጽፌ የማላውቀው ነገር የቀረ አይመስለኝም። ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማሩኝ መምህር ይህን ሰምተው ኖሮ ሚስታቸውን ላኩብኝ።

መምህሬ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ቤታቸው ዳገቱ ላይ ያለ የድንጋይ ቤት ነው፤ ከአጥሩ ካብ ላይ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ይቀመጣል። ተማሪ ሳለን ያን ጣሳ የነካ ወዮለት። ድሮ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ነገር ትቶላቸው ሄዶ ነበር፤ ባለ መስመር የዝናብ መለኪያ ብርጭቆና አሮጌ የቤት ኮምፒውተር። ኮምፒውተር ስልህ ዛሬ የምታውቀው ዓይነት እንዳይመስልህ። የፊደል ቁልፎቹ ሳጥኑ ራሱ ላይ ናቸው። ስክሪን የለውም፣ ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል። የጻፍክበትን የሚያስቀምጠውም በተራ ካሴት ላይ ነው፣ እንደ ፉጨት አድርጎ።

መምህሬ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጣሳውን ውኃ ወደ ብርጭቆው ገልብጠው ይለካሉ፣ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ሰባት ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባሉ። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ አደረጉ። ካሴቱ ከያዘው በኋላ ደብተሩ ምን ይሠራል ብለው የሞላውን ሁሉ ለሚስታቸው ይሰጡ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ገጽ በገጽ እየቀደዱ በርበሬ ይጠቀልሉበታል። ካሴቶቹም እዚያው ከበርበሬው ጋር ነበር የሚኖሩት።

«የሠርጌን ካሴት በዝናብ አጠፋብኝ» አሉኝ ሚስታቸው፣ ገና በሩን ሳልገባ። እውነታቸውን ነው። መምህሬ ባዶ ካሴት ሲያጡ የቀዱት በራሳቸው ሠርግ ዘፈን ላይ ነበር።

ያን ዕለት መምህሬ ሁለት ጊዜ ሰላም አሉኝ። ሁለቱንም ጊዜ የእናቴን ጤና ጠየቁኝ። ሚስታቸው ወደ መሬት አዩ።

«አውቀዋለሁ ልጄ» አሉ መምህሬ፣ የሚስታቸውን ዓይን ተከትለው። «ነገር እየጠፋብኝ ነው። ማሽኑም ተቃጠለ። ይኸ ዝናብ እኔ ሳልረሳው ወረቀት ላይ ይውጣልኝ። ሰዉ ሁሉ ድሮ ዝናብ በጊዜው ይገባ ነበር፣ ዛሬ ነው የዘገየ እያለ ይከራከራል። እኔ ግን ለክቼዋለሁ።»

«ቀኑስ የት አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቀን አልጻፍሁም። የማሽኑ ሆድ ጠባብ ነው። መስከረም አንድ ብዬ ጀመርሁ፣ እስከ አምና ዘመን መለወጫ አንድ ቀን አልዘለልሁም። የቀረው መቁጠር ነው። ቀንን ማን ይረሳል?»

«ያልዘነበ ለትስ?»

«ዜሮ። ዜሮም ይለካል።»

ካሴት ማጫወቻ ከከተማው ጠፍቶ የአጎቴን ከአምደወርቅ በሚኒባስ አስመጣሁ። ከላፕቶፑ ጋር በሽቦ አገናኝቼ ስከፍተው ቤቱ በፉጨት ተሞላ። ረጅም ፉጨት፣ አጭር ፉጨት፣ እንደታነቀ ዶሮ ማቆሚያ የሌለው። ሚስታቸው አማተቡ። ካሴቱ ሲያልቅ ከፉጨቱ ኋላ ድንገት እልልታና ጭብጨባ መጣ፤ ሁለቱም እስኪያበቃ ሰሙት። የእኔ ሥራ ፉጨቱን ወደ ቁጥር የሚለውጥ፣ ቁጥሩንም ወርና ቀን አስይዞ በሰንጠረዥ የሚያወጣ ፕሮግራም መጻፍ ነበር።

ሁለት ሳምንት ግራ ተጋብቼ ከረምኩ። አንዴ ፕሮግራሙ በአንድ ቀን ሰባት ሺህ ሚሊሜትር ዘነበ አለኝ፤ የኖኅ ዘመን መሰለኝ። አንዴ ደግሞ አሥራ ስምንቱንም ዓመት ድርቅ አደረገው። መብራቱ ሲደክም ማጫወቻው እንደሚጎተት፣ ፉጨቱም አብሮ እንደሚረዝም የገባኝ ዘግይቶ ነው። በባትሪ ድንጋይ ሳሠራው ቁጥሮቹ ሰከኑ። ሚስታቸው ከበርበሬ ላይ ፈትተው በሰጡኝ አንድ የደብተር ገጽ አመሳከርኩት፤ ቁጥር በቁጥር ገጠመ። እጄ በርበሬ እንደሆነ ዓይኔን አሽቼ ደስታዬን በእንባ ጨረስኩት።

ቀን ማስያዙ ከዚያ ወዲያ ቀላል ነበር። ወር ሠላሳ ቀን ነው፣ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ሁለት መስመር ጻፍኩና ጨረስኩ።

የወጣው ነገር ግን ከበፊቱ የባሰ ግራ አጋባኝ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደምናውቃቸው ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ፣ ጥር ዜሮ በዜሮ። ዓመቱ በጨመረ ቁጥር ግን ዝናቡ ቀስ እያለ ከቦታው ይሸሻል። መጨረሻው አካባቢ ነሐሴ ደርቆ፣ እህል አውድማ ላይ በሚሆንበት በኅዳር ዶፍ ይወርዳል። በዚያ ላይ አሥራ ስምንቱ ዓመት አልቆ ሦስት ወር ከአራት ቀን ተረፈ። ዝናብ ከየት ይተርፋል? ሦስት ቀን ሙሉ ፉጨቱን ፈተሽኩ፣ ቁጥሩን ፈተሽኩ። ምንም የለም። ቁጥሩ ልክ ከሆነ የተሳሳተው ሰው ነው አልኩ። ነገሩም ሰው ሰው ይላል፤ መጀመሪያ ልክ የነበረ፣ እያደር የተዛባ። የሚረሳ ሰው አንዱን ቀን ደግሞ ይመዘግባል። ሁለት ጊዜ ሰላም ብለውኝ የለ?

መናኸሪያው አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ ድንጋዩ ይጨሳል፣ ከጣሳው ላይ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ይሰማል። ደጃፍ ተቀምጠው ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘረጉ፣ በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። ፊታቸው እያየሁት ጠቆረ።

«በኅዳር እንዲህ ዘንቦ ቢሆን እህሉ ሁሉ ባውድማው ይበሰብስ ነበር» አሉ።

«ቁጥሩ እንደዚያ ነው የሚለው፣ ቲቸር።»

ገለጡ፣ መለሱ፣ እንደገና ገለጡ። የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ነበር የሚያገላብጡት። «የሩፋኤል ዝናብ የታለ?» አሉኝ።

እንደ ሕፃን ነው ያባበልኳቸው። «ገና ነው ቲቸር። ገና ሐምሌ ነው፣ ሩፋኤል መቼ ደረሰ?»

«አይደለም… እዚህ ላይ…» ጣታቸው ከነሐሴ መጨረሻና ከመስከረም አንድ መካከል ቆሞ ቀረ። ሚስታቸው ከበሩ ላይ ሆነው አዩኝ፤ ይበቃዋል የሚሉኝ መሰለኝ። እኔም ነገሩን ላሳጥረው አልኩ።

«ቲቸር፣ አንዳንዱን ቀን ደግመው ሳይመዘግቡት አልቀሩም። ኮምፒውተር አይሳሳትም።»

ይኸን ስል ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ይኼ ነው ዛሬም የሚያቃጥለኝ። መምህሬ ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ ቀስ ብለው አነሱ። «ደግሜ ይሆናል» አሉ። «ይሆናል እንግዲህ። አመሰግናለሁ ልጄ።» ወረቀቱን አጥፈው ለሚስታቸው ሰጡ፤ ወረቀት እንደለመደበት ወደ በርበሬው ሄደ።

በነጋታው በዚያ ሳልፍ ጣሳው ካቡ ላይ አልነበረም። ዶሮዎቹ ውኃ ይጠጡበት ነበር።

ዓመቱ ዞረ። በትምህርት ቤት ያን ፕሮግራም ለጓደኞቼ አሳይቼ ተጨብጭቦልኛል፤ ስለ ወሩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ የሁላችንም መጽሐፍ የፈረንጅ ነው። ለክረምት ሰቆጣ ስመለስ መምህሬን ሄጄ አልጠየቅኩም። ዛሬ ነገ እያልኩ፣ እውነቱን ለመናገር ያን ጣሳ ዶሮ ሲጠጣበት ላለማየት፣ ጳጉሜ ገባ።

በሩፋኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ ደመናው በአበርገሌ በኩል ጠቁሮ መጣ። እናቴ ባልዲውን ከደጅ አስቀምጣ ትጮህብኛለች። «ውጪ እንጂ! ቤት ተጎልተሽ የሩፋኤል ዝናብ ሊያመልጥሽ ነው!» ወጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ ውጪ ነበር፤ ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው ይንጫጫሉ፣ ትልልቆቹ ራሳቸውን ገልጠው በዝናቡ ይመታሉ። ዝናቡ ቀዝቃዛ ነው፣ አናቴን ሲመታኝ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። እኔም የሥራ ልማድ ሆኖብኝ፣ ይኼ ዝናብ በእኔ ፕሮግራም ውስጥ የትኛው ሰንጠረዥ ላይ ይገባ ነበር ብዬ አሰብኩ።

የትም አይገባም ነበር።

በቆምኩበት ቆጠርኩ። በዓመት አምስት ቀን፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ዘጠና ቀን። በየአራት ዓመቱ የምትጨመረዋ ስድስተኛ ቀን አራት ጊዜ መጥታለች። ዘጠና አራት። ሦስት ወር ከአራት ቀን። መጀመሪያው ዓመት ላይ አምስት ቀን፣ ቀጥሎ አሥር ቀን እየተገፋ ነው የነሐሴው ዝናብ ኅዳር የገባው። በየግድግዳው «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚል ፖስተር በተለጠፈበት አገር አድጌ አሥራ ሦስተኛዋን ወር የረሳሁት እኔ ነኝ። ቀንን ማን ይረሳል ብለውኝ ነበር። የሚረሱት ሽማግሌ ስህተቱን በጣታቸው አሳዩኝ፣ እኔ ደግሞ ገና ሐምሌ ነው አልኳቸው።

ልብሴ ውኃ እያንጠባጠበ ላፕቶፑን ከፈትኩ። አንድ መስመር ነበር የጎደለው። ስጨምረው አሥራ ስምንቱም ዓመት ወደየቦታው ተመለሰ፣ የተረፈውም ጠፋ። አሁን በሥራ ቦታዬ ቀን የሚቆጥር ፕሮግራም ሲሰጠኝ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ጳጉሜን ነው፤ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።

በነጋታው ወረቀቱን ታቅፌ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። መምህሬ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሰላም ስላቸው በትሕትና ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው በኽምጣና መለሱልኝ።

«አማርኛው ከፋሲካ ወዲህ ጥሎት ሄደ» አሉኝ ሚስታቸው። «አሁን ያለው የናቱ አፍ ብቻ ነው።»

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ከኽምጣና ከሰላምታ በላይ አላውቅም። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘረጋሁትና የሆነውን ሁሉ ለሚስታቸው አስረዳሁ፤ እሳቸው ወደ ኽምጣና መለሱላቸው። መምህሬ ሚስታቸውን የሰሙ አልመሰለኝም፤ ዓይናቸው ቁጥሩ ላይ ነበር። ቁጥር ቋንቋ አይፈልግም። ጣታቸው እንደዚያን ጊዜ መስመር በመስመር ሄደ፤ ከነሐሴ መጨረሻ ሲደርስ ግን አልቆመም፣ ወደ ጳጉሜ ተሻገረ፣ ሦስት ላይ ነካ አድርጎ አለፈ። የሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። አሥራ ስምንቱንም አዳረሱ። ከዚያ ቀና ብለው ለሚስታቸው የሆነ ነገር ተናገሩ።

ወደ ሚስታቸው ዞርኩ።

«ምን አሉ?»

«‹ይኸን የለካ ሰው ጠንቃቃ ነው፤ አንድ ቀን አልዘለለም› ነው የሚለው።»

«ይንገሯቸው እንጂ እትዬ! እሳቸው መሆናቸውን ይንገሯቸው!»

ነገሯቸው። መምህሬ የሌላ ሰው ምስጋና እንደተሰጠው ሰው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን ጫፍ ከጫፍ ገጥመው አጠፉና መለሱልኝ፣ አሁንም አንድ ነገር አሉ።

«‹ያን ሰው ስታገኚው ልክ ነህ በይው› ይልሻል። ‹ሳይጨነቅ አይቀርም› ይላል።»

ከፊታቸው ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ።

«ልክ ነበሩ፣ ቲቸር» አልኳቸው።

ማንን እንደማናግር ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ።