የጦርነት ዘመኑ ተቀያሪ

ባለፈው እሑድ ፒዮሪያ ስትሪት ካለው አፓርታማችን ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ ልጄ የሚያየውን የአሜሪካን ፉትቦል በትዕግሥት አይ ነበር። ስታዲየም ሙሉ ሰው በአንድ ተጫዋች ላይ ይጮሃል። ምን እንዳጠፋ ጠየቅኩት።

«ባካፕ ነዋ፣ ዳድ» አለኝ፤ ተቀያሪ ማለቱ ነው።

ዋልተር ትዝ አለኝ።

ሃያዎቹን ሳላጋምስ፣ አውሮራ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎች አጥብና አለብስ ነበር። ቤቱ የተቀቀለ ካሮትና በረኪና ይሸታል፤ ደጁ በረዶ ቀልጦ ጭቃ ነው። ዋልተር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኳርተርባክ ነበር፤ ኳሱን የሚወረውረው፣ ቡድኑን የሚመራው ሰው። ደህና ደህናዎቹ ሲዘምቱ፣ ጨጓራህ በሽተኛ ነው ተብሎ ከሠራዊቱ የተመለሰው እሱ ተተካ። አንድ የውድድር ዘመን ተጫወተ። የቦታው ባለቤት ጂም ከግንባር ሲመለስ፣ ዋልተር ጎማ መሸጥ ጀመረ። አገር ለዘመተ ሐውልት ታቆማለች፤ የቀረውን ሥራ ለሸፈነ የሚቆም ነገር እስካሁን አላየሁም።

ሁለቱ በኋላ ተወዳጁ። ጂም በየእሑዱ ከቴክሳስ ይደውላል። ዋልተር ስልኩን በዘጋ ቁጥር «ዛሬም አላለም» ይለኛል። ዕድሜውን ሙሉ ከጂም አፍ የሚጠብቀው «ጎበዝ ነበርክ» የሚለውን ነበር።

አንድ ቀን የጂም ልጅ ደወለች። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። አባቷ ሞቷል። ነርሷ ወዲያው ልትነግረው ስትነሳ፣ አብረውን የሚሠሩት እትዬ አልማዝ በሩ ላይ ቆሙ።

«መርዶ እንዲህ በቁም አይነገርም። እራቱን ይብላ፣ ይተኛ።»

በማግስቱ ማለዳ በዩኒፎርማቸው ላይ ነጠላ አዘቅዝቀው ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አልጋው አጠገብ ተቀመጥን።

ዋልተር ተራ በተራ አየን። «ከእናንተ ማን ሞተ?»

እትዬ አልማዝ ዓይናቸውን ወደ ስልኩ መለሱ።

«ጂም ነው?»

«አዎ፣ አባባ» አሉ እትዬ አልማዝ።

ዋልተር ወደ ጣሪያው አየ። «እንግዲህ ቦታው ተለቀቀ።»

«ልጁ ነግራናለች። ጎበዝ ነበር ብሏል ስለ እርስዎ።»

ዞሬ አየኋቸው። ልጅቷ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣትም።

«ጂም እንዲህ አይልም።»

«ብሏል።»

«ውሸታም ነሽ፣ አልማዝ።»

«ልሁን።»

ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። «እስቲ ድገሚው» አለ።

ደገሙለት።

ከዚያ ወዲህ ስለ እውነት ብዙ አንብቤ፣ ብዙ ጽፌ፣ በዚሁ ሰበብ ከብዙ ወዳጅ ተቀያይሜአለሁ። አሁን ክርክሩ ራሱ ይደክመኛል። ያን ጠዋት እዚያ ከነበርነው፣ ልጅቷ በስልክ ያለችውን በጆሮዬ የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዋልተር ግን እኔን አልጠየቀኝም፤ እንዳይጠይቀኝም ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።