ለማርያም የተሳልኳት ፓፓያ

አሁን የምኖርበት የምዕራብ አገር ዝናቡ አያባራም፤ ተክል ውኃ ጠጣ አልጠጣ ብሎ የሚጨነቅ ሰው የለም። እኔ ያደግሁት ግን ሸዋ ሮቢት ነው። እዚያ በግንቦት፣ ጣሳ ውስጥ ያለ ችግኝ ሁለት ቀን ከተረሳ አለቀለት። በአሥር ዓመቴ ከእመቤታችን ጋር የተጣላሁ የመሰለኝም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ የጀመረው አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በዐቢይ ጾም ነው። የሳይንስ አስተማሪያችን ከደጋ የመጣ ወጣት ነበር። በዚያ ሙቀት ኮቱን አያወልቅም፤ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ያስተምረናል። ስለ ምስጥ ሲያስተምረን ኩይሳ ያስቆፍረናል፤ ስለ አፈር ሲያስተምረን በየመዳፋችን አስጨብጦ ያስሸትተናል። ገበሬ ወላጆቻችን ይገረሙ ነበር፤ አፈር ለመዝገን ተማሪ ቤት መሄድ ምን ይባላል እያሉ።

አንድ ቀን ከገበያ ትልልቅ ፓፓያ ገዝቶ መጣ። ቆራርጦ ለእያንዳንዳችን አደለንና ሥጋውን እንድንበላ፣ ዘሩን ግን በአመድ አሽተን እንድናጥበው ነገረን። ሌሎቹ ወዲያው ገመጡ። እኔን እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም አስለምዳኝ ስለነበር ቁራጬን በቅጠል ጠቅልዬ ያዝኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ፣ የባለሱቁ ልጅ፣ አፏ እንደ ሞላ፣

«መነኩሲት፣ አንቺ ጾምሽን እስክትፈቺ የኛው አፍርቶ ይጠብቅሻል» አለችኝ።

እውነትም ቀደሙኝ። እነሱ ያን ዕለት በየጣሳቸው ሲዘሩ እኔ በማግሥቱ ዘራሁ። ሁለት ሳምንት አልፎ የሁሉም ብቅ ብቅ ሲል የእኔ ጣሳ ባዶ አፈር ነው። ሦስት ቀን ጎንበስ እያልኩ አየሁ። በአራተኛው ጨነቀኝና ጣሳውን ታቅፌ፣ «እመቤቴ፣ ይህቺ ብትበቅልልኝ የመጀመሪያ ፍሬዋ ያንቺ ነው» ብዬ ተሳልኩ። በማግሥቱ አፈሩ ተሰንጥቆ አንገቷን የደፋች ቡቃያ ወጣች። ከደስታዬ ብዛት ስለቴን ለክፍሉ ሁሉ አወራሁት። ያን ባላደርግ የኋላው ጣጣ በቀለለኝ ነበር።

ግንቦት ገባ። ችግኞቹ ስንዝር አልፈዋል፤ ክረምቱ መጥቶ አጥሩ ሥር እስኪተከሉ ድረስ በየተራ እናጠጣለን። ተረኛው ከወንዝ ቀድቶ ለአርባውም ጣሳ ያዳርሳል። የእኔ ተራ እሑድ ላይ ዋለ፤ እሑዱ ደግሞ ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት ነበር። ይህን ቀድሜ ስላወቅሁ፣ የቅዳሜው ተረኛ ደህና አድርጎ እንዲያጠጣ አደራ ብዬው ነበር።

እሑድ ከጓደኛዬ ጋር ከቅዳሴ ስንመለስ በትምህርት ቤቱ አጥር አጮልቄ አየሁ። አፈሩ ነጭ ሆኗል፤ ቅጠሎቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። የቅዳሜው ተረኛ ለካ ከአባቱ ጋር ጎረቤት ከተማ ጀውሃ ለቅሶ ሄዷል።

አትክልት ማጠጣት ሥራ ነው። ሰንበትንና ማርያምን በአንድ ቀን መሻር ደግሞ በኛ ቤት የሚታሰብ አይደለም። ባላጠጣ ግን ለራሷ ለማርያም የተሰጠችው ትደርቃለች። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጓደኛዬ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እግር መታጠብስ ሥራ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው እግራችን አቧራ ነው።»

የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ባልዲ ለምነን ከወንዝ ቀዳን። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሌሎች የክፍላችን ልጆችም ተቀላቀሉን። በየጣሳው ላይ አንዳንድ እግራችንን አንሥተን፣ አንዷ ስታፈስ ሌላዋ ተረከዟን እያሸች፣ እየተንገዳገድን አርባውንም አዳረስን። እግሬ እንደዚያን ቀን ነጽቶ አያውቅም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅጠሎቹ ቀና ብለው ነበር።

ሰኞ ጠዋት አስተማሪው ጭቃውንና የእግራችንን ዱካ አይቶ ማን እንዳጠጣ ጠየቀ። ተነሥቼ፣

«አላጠጣንም ጋሼ፤ እግራችንን ነው የታጠብነው» አልኩት።

መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይርገፈገፍ ነበር።

በሰኔ ተከልናቸው። ከአርባው ፍየልና ምስጥ የማሩልን ሰባቱን ብቻ ነው፤ የእኔና የጓደኛዬ ከተረፉት መካከል ነበሩ። በዓመቱ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ አበቡ። የሌሎቹ ግንዱ ላይ የተጣበቀ ወፍራም አበባ አወጡ፤ ወዲያውም አበባው ሥር አረንጓዴ ፍሬ ታየ። የእኔዋ ረጃጅም ዘለላ እንደ ጉትቻ አንዠርግጋ አበበችና አበባው ረገፈ። እንደገና አበበች፤ እንደገና ረገፈ። ጓደኛዬ የእግር እጣቢ የጠጣች ምን ታፍራ እያለች ትስቃለች፤ የእሷም የጠጣችው ያንኑ መሆኑን ረስታ።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። እመቤታችን በዕለቷ ባደረግሁት ተቀይማ ስለቴን እንደመለሰችብኝ አመንኩ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ የምሰጣት ፍሬ የለኝም። በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባታችን ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አባ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና ተክሉን ካላየሁ አሉ።

ትምህርት ቤት ስንደርስ አስተማሪው ስለ አበባ ሊያስተምር ክፍሉን አጥሩ ሥር ሰብስቦ ነበር። ከእኔዋ ፓፓያ አንድ ዘለላ ቆርጦ በአባ መዳፍ ላይ አራገፈው፤ ቢጫ ብናኝ ቀረ። ፓፓያ ወንድና ሴት እንዳለው፣ ይህኛው ወንድ መሆኑን፣ ወንድ ደግሞ እንደማያፈራ ነገረን። ንብና ነፋስ ያን ብናኝ ወደ ስድስቱ ባያደርሱት ኖሮ አንዳቸውም ፍሬ እንደማይዙ ነገረን። እኛንም አንድ በአንድ እየጠራ አበባዎቹን አስፈልቅቆ አሳየን።

አባ ብናኙን የያዘ መዳፋቸውን ወደ ስድስቱ ዘረጉ።

«እንግዲህ አባትየው የስለት ከሆነ ልጆቹም የስለት ናቸው» አሉ።

ጓደኛዬ ፊቷ ተለወጠ። «አባ፣ የኔዋ እኮ የስለት አይደለችም።»

«ከአባትየው ወስዳለች። የመጀመሪያዋን ትሰጫለሽ።»

እኔ አሁንም ልቤ አላረፈም። የእግሩ ነገርስ ብዬ በጆሯቸው ጠየቅኋቸው።

«ለተጠማ ውኃ መስጠት በሰንበትም ኃጢአት ሆኖ አያውቅም፣ ልጄ» አሉኝ። «ሌላ ጊዜ ግን እግርሽን ሳታስቸግሪ አጠጪ።»

ሰኔ ሃያ አንድ ቀን የስድስቱን የመጀመሪያ ፍሬ ይዘን ማርያም ሄድን። ጓደኛዬ የራሷን በነጠላዋ አቅፋ፣ ስለት የተሳለው ሌላ ተሸካሚው ሌላ እያለች እስከ ቅጥሩ በር አጉረመረመች። አባ ባርከው ተቀበሉን፤ አብዛኛውን ለድኾች ሰጥተው አንዱን ለእኛ ቆረሱልን። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ገና ረፋድ።

ጓደኛዬ ቁራጯን ወደ አፏ አስጠጋች። ከዚያ አየችኝ። ከቅጥሩ ሰፊ ቅጠል ቀጥፋ ጠቀለለችው።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ?» አለችኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ንገሪኝ።»