ከጋዋን ጋር ሻሽ አይፈቀድም

በደርግ ጊዜ፣ የሕክምና ትምህርቴን ልጨርስ ስቃረብ፣ ለተግባር ልምምድ ኮምቦልቻ አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ተማሪዎቹን ግቢ ውስጥ አሰለፈንና ስለ በሽታ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ስለ ልብስ አስተማረን። ጋዋን ነጭ፣ ቁልፉ እስከ ላይ የተቆለፈ። ጥፍር የተቆረጠ፣ ጫማ ሽፍን። ወንዶቹ ከረባት፣ ሴቶቹ ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ።

እስከዚህ ጥሩ ነው፤ ዛሬም አንዱን አልሰርዝበትም። ከዚያ እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ጓድ ዘሃራ፣ ከጋዋን ጋር ሻሽ አይፈቀድም።»

በየቀኑ እንደማጥበው ነገርኩት። ጉዳዩ የንጽሕና ሳይሆን የንቃት ነው አለኝ። ከኋላው የቆሙት ነርሶች ሁሉ ቆብ አድርገዋል። የእነሱ ቆብ ሳይንስ፣ የእኔ ሻሽ ኋላ ቀርነት መሆኑ ነው! ካላወለቅሽ የልምምድ ውጤት አልሞላልሽም ሲለኝ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ከገጠር የሚመጡት ሴቶች የተገለጠ ጸጉሬን እያዩ ከምጠይቃቸው ግማሹን ብቻ ይመልሱልኝ ነበር። ለኃላፊው ብነግረው ይለምዳሉ አለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤቶቿ በቃሬዛ የተሸከሟት ወጣት መጣች። ምጡ ክፉኛ እንደጠናባት ገና ሲያዩዋት ያስታውቃል። አማቷ ወንድ አይነካትም ብለው ቃሬዛው ላይ ተደገፉ። ነርሶቹና ሌሎቹ ሴት ተማሪዎች ለክትባት ገጠር ወጥተው ስለነበር የቀረሁት ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ተጠራሁ።

«አሰላሙ አለይኩም እናቴ፤ አብሽሩ» አልኳቸው። ሰላምታዬን ሳይመልሱ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ቀለል አለኝ፤ በእኛ አገር የአባት ስም በር ይከፍታል። አባቴ ሐጂ ሰይድ ደሴ ሰኞ ገበያ የታወቁ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ስማቸውን ነገርኳቸው።

«ሐጂ ሰይድን የማያውቅ የለም» አሉ። «የሳቸው ልጅ ጸጉሯን ገልጣ ወንድ መሀል አትቆምም። ወላሂ ይቺ ልጅ ትዋሻለች።»

ሮጬ ሻሼን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሰርኩና ተመለስኩ። ነገሩ ባሰ።

«አያችሁ? ልታታልለን ተሸፋፍና መጣች» አሉ ለተሸካሚዎቹ።

ልጅቱ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ ነበር። ደሴ ወጥታ ኦፕራሲዮን ካልሆነች እንደምትሞት ነገርኳቸው፣ የጤና ጣቢያው መኪና ግቢው ውስጥ መቆሙን አሳየኋቸው፣ በአላህ ለመንኳቸው። አንዴ ውሸታም ከተባልኩ ወዲያ መሐላዬን ማን ይሰማል? ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን እንደያዙ ወደ መጡበት ዞሩ። ኃላፊው ከቢሮው ወጥቶ እንዲያወርዷት ሲያዛቸው ጭራሽ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ከቀናት በኋላ እሷም ሕፃኑም መሞታቸውን ከመንደሯ የመጣ ታካሚ ነገረን። ኃላፊው በስብሰባ ላይ «ኋላ ቀርነት ገደላት» አለ። እኔ ተነሥቼ ሻሼን ባታስወልቀኝ ኖሮ አማቷ ያስነኩኝ ነበር አልኩት። ደንብ ለአንድ ታካሚ ተብሎ አይለወጥም ብሎኝ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። የክፍል ጓደኞቼ አቀርቅረው ጫማቸውን ያያሉ። ሽፍን ጫማ፣ እንደ ደንቡ።

አሮጊቷን አልጠላኋቸውም። በማያውቁት ቤት፣ በማያውቁት ሰው መሀል፣ የሚያውቁትን አንድ ምልክት ፈለጉ፤ አጡት። ኃላፊውን ግን ይኸው ጸጉሬ እስኪሸብት ድረስ ይቅር አላልኩትም፤ የምለውም አይመስለኝም።

በጡረታ እስክወጣ ድረስ ተማሪዎች ምን እንልበስ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ጋዋናችሁን እጠቡ፣ ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ከዚያ የምትሠሩበት አገር ሰው ሐኪሙ ምን ለብሶ ቢያገኘው እንደሚያምነው ጠይቁ እላቸው ነበር። ያላመነችሽ ታካሚ አታስነካሽም። ያልነካሻትን ደግሞ አታድኛትም።