የአጎቴ አግዳሚ

አጎቴ ደሴ ውስጥ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆችን ሲያሠለጥኑ ኖረው ባለፈው ወር ወደ አኼራ ሄዱ። አዲስ ሠልጣኝ ከረባቱን አሳምሮ ሲመጣ ክፍል አያስገቡትም ነበር፤ መጀመሪያ የተመላላሽ ሕክምናው በር ላይ ካለው አግዳሚ፣ ከታካሚው መሀል ያስቀምጡታል። "ጠብቆ የማያውቅ ሰው ማስጠበቅ አይከብደውም" ይሉ ነበር።

ለእኔም አላዳሉም። "አጎቴ፣ እኔ እኮ የመጣሁት አስተዳደር ልማር ነው" ብላቸው፣ "ወላሂ፣ ከዚህ የተሻለ ክፍል የለኝም" ብለው ከጎኔ ቁጭ አሉ። በሌላው ጎኔ ከገራዶ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እንዳይነቁ ብዬ ሳልነቃነቅ ቆየሁ፤ ስማቸው ሲጠራ ቀሰቀስኳቸው። ይኼኔ አጎቴ ተነሡና "በል፣ አሁን ክፍል እንግባ" አሉኝ።

ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ አስተዳድራለሁ። ከቀብራቸው በተመለስኩ ማግስት፣ ቢሮ ከመግባቴ በፊት እንደ ልማዴ የታካሚዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ሳላስበው ከጎኔ የሳቸውን ቦታ ትቻለሁ። አንዲት እናት መጥተው "ልጄ፣ ሰው አለው?" ሲሉኝ ባዶውን ቦታ በመዳፌ ጠረግ አደረግኩላቸው።

"የለውም፣ እናቴ" አልኳቸው። "ይቀመጡ።"