ያለ እሳት የሞቀው ኩባያ

ሰሞኑን ሐይቁ ዳር የተሰነጠቀች ጀልባ በፋይበር ሲለጥፉ፣ ያ አፍንጫ የሚወጋ ጣፋጭ ሽታ መጣና ማን እያየን ነው ብዬ ዘወር አልሁ። በልጅነቴ የኛ ቤት እንዲህ ነበር የሚሸተው።

አባዬ የኮሌጁ የባዮሎጂ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር። ክረምት ገብቶ ጣና ሲሞላ፣ ከአጥማጆች ትንንሽ ዓሣ እየለመነ ያመጣና ለተማሪዎች ማሳያ እንዲሆን ሬዚን በሚባል፣ እንደ ማር በሚወርድ ፈሳሽ ያለብሰው ነበር፤ ፈሳሹ ሲደርቅ መስታወት ይመስላል። ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ጓዳ ገብቶ እንደሚቆይና «ምን ትሠራለህ?» ስለው «ሥራ» ብሎ እንደሚያልፈኝ ብቻ ነበር።

ከሽታው የባሰው አረቄው ነበር። ዓሣው ውስጥ እርጥበት ከቀረ ሬዚኑ ይደፈርሳል፤ የኮሌጁ አልኮል ስላለቀ አባዬ ከጎረቤታችን ከእትዬ ሙሉ ሁለቴ የወጣ ዳግም አረቄ እየገዛ፣ ውኃውን መጥጦ እንዲያወጣለት ዓሣውን ይዘፈዝፍበት ነበር። እትዬ ሙሉ ደግሞ ሰው እንጂ ዓሣ ሲጠጣ የት ያውቃሉ!

«አንቺ፣ አባትሽ መቼ ነው የሚሰክረው?»

«አይጠጣም እኮ።»

«እንግዲያ ማነው የሚጨርሰው? ጓዳችሁ የተቀመጠ ሰው አለ?»

ከዚያ ወዲያ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ የሌላ ሰው ትንፋሽ አዳምጥ ጀመር።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ጠባቂ አስከትለው መጡ። እማዬ «ምነው ጓድ፣ በደህና?» ስትላቸው፣ «የተደበቀ ሰው አለ ተብሏል» አሉና ጓዳውን ከፈቱ። አባዬ ብቻውን ኩባያ ይዞ ያማስላል፤ ማጠንከሪያውን ገና መጨመሩ ነበር። ኩባያውን ነጠቁት።

«ጓድ፣ ቶሎ ካልፈሰሰ እጅዎ ላይ ድንጋይ ይሆናል።»

«ታስፈራራኛለህ?»

ይህን እያሉ ፊታቸው ተለወጠ። እሳት ያልነካው ኩባያ መዳፋቸው ላይ ይሞቅ ጀመር። «ሞቀ! በራሱ ሞቀ! ፈንጂ ነው!» ሲሉ አንዱ ጠባቂ እኔን ገፍትሮ ወደ ውጭ ሮጠ።

«እንዳይጥሉት! ሲጠነክር ነው የሚሞቀው፤ እዚህ ላይ ቀስ አድርገው ያፍስሱልኝ» አለ አባዬ፣ ትንሽ የቆሮሶ ዓሣ ወደተኛችበት የቆርቆሮ ሣጥን እየጠቆመ። ሊቀመንበሩ ኩባያውን ከፊታቸው አርቀው ራሳቸው አፈሰሱት።

«ነገ እንደ መስታወት ይጠራል» አላቸው።

«እስኪጠራ እኛ ዘንድ ታድራለህ። ካልጠራ ግን እዚያው ነህ» ብለው ይዘውት ሄዱ።

እማዬ አላለቀሰችም፤ እኔን እየጎተተች በቀጥታ እትዬ ሙሉ ቤት ገባች። «በእመቤቴ፣ አረቄው ላይ ውኃ ይጨምራሉ?»

«እኔ ሙሉ? ውኃ?» ብለው ደረታቸውን መቱ። ከዚያ የእማዬን ፊት አይተው ቁጭ አሉ። «ትንሽ… ለጉሮሮ እንዳይከብድ ብዬ።»

በማግስቱ ጠዋት ሊቀመንበሩ አባዬን አስቀድመው መጡ፤ እትዬ ሙሉ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ነበር። አባዬ ሣጥኑን ገልብጦ አንኳኳውና የጠነከረውን ነገር ወደ ፀሐይ አነሣው። ቆሮሶዋ ቅርፊቷ ሳይቀር እያበራች በአየር ላይ የቆመች መሰለች፤ ጅራቷ ጋ ብቻ ደፍረስ ብሏል።

«ይህ ጉም ምንድን ነው?»

አባዬ ወደ አጥሩ አየት አደረገ። «የኔ ጥድፊያ ነው፣ ጓድ» አለ።

ሊቀመንበሩ ዓሣዋን አገላብጠው አገላብጠው፣ «በየት በኩል ነው የገባችው?» አሉ፤ ራሳቸው አፍስሰውባት! እማዬ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። አባዬን ለቀቁት፣ ዓሣዋን ግን «ለማስረጃ» ብለው በብብታቸው ይዘዋት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ሙሉ ለአባዬ አረቄ ሲያመጡ ጠብታ አፍስሰው ክብሪት ይጭሩበት ጀመር፤ ነበልባሉን ካላሳዩ አይሰጡትም ነበር። እኔም ጓዳ ውስጥ ማን አለ ብዬ ማዳመጥ ተውሁ፣ አባዬ የሚሠራው በረንዳ ላይ፣ አላፊ አግዳሚ እያየው ነበርና። ዓሦቹ እንደ ቀድሞዎቹ ንጹሕ አይወጡም ነበር፤ አቧራ ይገባባቸዋል፤ አንዷ ውስጥማ ዝንብ ቀርታ ነበር። «ጓዳ ውስጥ ብትሠራ አይሻልም?» አልሁት አንድ ቀን። ቀና ብሎ በመንገዱ የሚያልፈውን ሰውዬ ሰላም አለው።