ጉቴ የሄደችው ድመት

እርጥብ ጆንያ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የሚያወጣውን ሽታ አልወድም። ባለፈው ሰሞን ምራቴ አንዱን አጥባ አጥር ላይ አስጥታው፣ ገና ከበረንዳው ሳልወርድ ሸተተኝና «አንሺው» አልኳት። «ጆንያ ምን አደረገሽ?» ብላ ሳቀች። አንቺ ደግሞ አክስቴ እንዴት እንዳሳደገችኝ ልስማ ብለሽ መጥተሻል። ነቀምት ውስጥ ስለ ደግነቷ የማያወራ የለም፤ ቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብም ደግነቷ ተደጋግሞ ተጠራ። እኔ ግን ስለ ጆንያው ልንገርሽ።

በንጉሡ ዘመን ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር በወጣትነቱ መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲ ይሸጣል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው መጋዘን ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ በጆንያ ይከመራል፤ ከመጋዘኗ ቀጥሎ እኛ እንኖራለን። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሰውን ከሰው አያነጋግርም። በዚያ ጩኸት መሀል እግርጌዬ በተነጠፈላት ጆንያ ላይ፣ ጀርባዋን ከእግሬ አስጠግታ የምትተኛ ግራጫ ድመት ነበረችን። ቀን ቀን ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ ገቢ ወጪውን ሁሉ ስለምትቆጣጠር አባቴ «ነጋድራስ» ይላት ነበር።

ያመጣቻት እናቴ ናት። በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ከገበያ ስትመለስ ትዝ ይለኛል፤ ወይም ብዙ ጊዜ ስለተነገረኝ ያየሁት ይመስለኛል። ከዚያ እናቴ ታመመች፤ ሆስፒታል ወሰዷት። አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ የአባቴ እኅት፣ ያቺ አክስቴ፣ ቤታችን ተቀምጣለች።

«እናትሽ አገር ቤት ሄደች» አለችኝ። «በሌሊት መኪና ነው የሄደችው። ተኝተሽ ነበር፤ ልቀስቅሳት ብትል አሳዘንሻት።»

«መቼ ትመጣለች?»

«መስቀልን አክብራ።»

ያን ዕለት የእናቴ ጋቢ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ነበር።

መስቀል መጣ፣ አለፈ። ሌላም መስቀል አለፈ። ስጠይቅ ጎረቤቱ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥና ከረሜላ ይሰጠኛል። እስከ ዛሬ ከረሜላ አልበላም። ያኔ ግን ትልቅ ሥራ ተሰጥቶኛል ብዬ አምን ነበር፦ እናቴ እስክትመለስ ድመቷን መጠበቅ።

አንድ ክረምት ሊወጣ ሲል ነጋድራስ መብላት ተወች። ዓይኗ አዣ፣ ጸጉሯ ቆመ፣ ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር ነበር። ወተት በጣቴ እየነከርኩ ከንፈሯን ሳርስ አክስቴ «ሰው ያጣውን ወተት!» ትላለች። በቅርጫት አድርጌ ክሊኒኩ ውስጥ መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ዘንድ ወሰድኳት።

«ስሟ ማን ነው?» አለኝ።

«ነጋድራስ።»

የተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ ሳቀ። «እንግዲያው የእኔ መርፌ ለእንዲህ ያለ ሹም አይመጥንም፤ ከአዲስ አበባ ሐኪም ይታዘዝላት» አለ። ስሙን አልጠራም፤ እሱም ሞቷል። ሳቁን ግን አልረሳሁለትም።

ቅርጫቱን አቅፌ ስመለስ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቴ መጥታ «ድመቴስ?» ብትለኝ ምን እላታለሁ?

በማግስቱ ስነቃ እግሬ ቀዝቅዟል። ጆንያውም የለም። ወደ ሱቁ ሮጥኩ። አክስቴ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ለጎረቤታችን ጨው በጣሳ ትሰፍራለች። ጎረቤታችን ማር የምትሸጥ ትልቅ የኦሮሞ ሴት ነበረች፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደ እናቱ «አዮ» ይላታል።

«ድመቷስ?» አልኩ።

«ጉቴ ሄደች» አለች አክስቴ፣ ቀና ሳትል፤ ጉቴ ከነቀምት የማትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። «የደንበኛችንን ጎተራ አይጥ ፈጀው፤ አባትሽ አዋሰው። በሌሊት መኪና ነው የሄደችው። ተኝተሽ ነበር፤ ልቀስቅሳት ብል አሳዘንሽኝ።»

የጓሮው በር ክፍት ነበር። ዝናቡ አባርቶ፣ ብዙ ቀን ያላየነው ፀሐይ አጥሩ ላይ ወድቋል። እዚያ አጥር ላይ የነጋድራስ ጆንያ ታጥቦ ተሰጥቷል፤ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፣ ሽታው እስከ ባንኮኒው ገብቷል። ጋቢው የተሰጣበት ቦታ ነው። ቃሉም ያው ቃል ነው።

«እናቴም ሞታለች ማለት ነው» አልኩ።

ጣሳው አክስቴ እጅ ላይ ዘመመና ጨው ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ዝም በይ!» አለች። «ለድመት ማልቀስ ሟርት ነው፤ የሰው ለቅሶ ይጠራል!»

አዮ ጨውዋን ትታ መጣችና ማርና ጭስ የሚሸት ደረቷ ላይ አስጠጋችኝ። «የምን መጥራት?» አለቻት። «ለቅሶው ከመጣ ስንት ጊዜው! ይቺን ልጅ ከለከላችኋት እንጂ።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ «ቦኢ፣ ኢንተላ ኮ፣ ቦኢ» አለችኝ። አልቅሺ፣ ልጄ፣ አልቅሺ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

አባቴ ከመጋዘን ወጣ። ጥፍሩ ሥር ገና ጭቃ ነበረ። አክስቴን አየ፣ እኔን አየ። «በቃ» አለ። «አሁንስ በቃ።» እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝና ሙዙ ሥር አዲስ የተቆፈረ አፈር አሳየኝ። ጎህ ሲቀድ በገዛ ኩታው ጠቅልሎ ቀብሯት ነበር። ከዚያ በገበያ ቀን፣ ሰው እያየ፣ ሱቁን ዘጋና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይዞኝ ወጣ።

የእናቴ መቃብር ከግቢው አጥር ሥር ነበር። ትምህርት ቤት ስሄድ በየቀኑ ጣቴን እየጎተትኩበት የማልፈው አጥር። አክስቴን ይቅር ያላልኳት ይህን ነው። ሌላውን፣ ኩርኩሙንም ጭምር፣ ትቼላታለሁ።

ሣሩ እርጥብ ነበር፤ አልፎ አልፎ አደይ አበባ ብቅ ብሏል። «አናግሪያት» አለኝ አባቴ። ምን እንደምላት አላወቅሁም። ስለዚህ ያለኝን ወሬ ነገርኳት፦ ነጋድራስ እንደታመመች፣ ወተት በጣቴ እንዳቀመስኳት፣ ሰዎቹ እንደሳቁ፣ ከሙዙ ሥር እንዳለች። እያወራሁ ስሄድ ደረቴ ቀለለኝ። ከዚያ ወዲያ መንገድ መንገድ ማየት ተውኩ። እናቴ ያለችበትን አውቄ ነበር።

ዞር ስል አክስቴ የግቢው በር ላይ ቆማለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። አልገባችም፤ እኔም አልጠራኋት። ዛሬ ቢሆን እጠራት ነበር ወይ? ተይኝ እስቲ።

ባለፈው ሰሞን ምራቴ ጆንያውን ያጠበችው የልጅ ልጄ ድመት ታማ ስለሞተችባት ነው። «ጠፋች እንበላት» ብላ ሹክ አለችኝ። «ጆንያውን አንሺ፣ ልጅቷንም ጥሪያት» አልኳት። ሕፃኗ በሁለት እጇ አፈር አለበሰቻት። ጎረቤት እስኪሰማ አለቀሰች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ «ቦኢ» አልኳት። ሲወጣላት አፍንጫዋን በቀሚሴ ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ። የጉቴዋን ድመት ታሪክ ታውቀዋለች።

«አያቴ፣ አንቺስ አንድ ቀን ጉቴ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ» አልኳት። «ግን ቀስቅሼሽ ነው።»