ዘሐራ የጾመችበት ረመዳን

ይህን ለእናቴም ለባሌም ነግሬ አላውቅም። እናንተ ስለማታውቁኝ እነግራችኋለሁ።

ታናሽ እህቴ ዘሐራ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። እሳት ላይ እንዳትወድቅ ምድጃ አትጠጋም፤ መንገድ ላይ እንዳይጥላት ውሃ አትቀዳም። በዚያ በቆቦ ሙቀት ጀሪካን ተሸክሜ ከቦኖው የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። እናታችን የምትጠርገው ግን የዘሐራን ላብ ነበር። በሕመምተኛ ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ። ታማም የምትወደደው እሷ ናት እያልኩ አንጀቴ ሲያር ኖሯል።

አዲስ መድኃኒት የታዘዘላት ጊዜ ወልድያ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። እሷ ለምርመራ ደም ልትሰጥ ገብታ ሳለች ሐኪሙ ለእኔ ብቻ ነገረኝ፤ ኪኒኑ አንዳንድ ሰው ላይ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ትጠጣ፣ ጾሙም ይቅርባት አለኝ። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ቤት እንደገባን እናቴ ጠየቀችኝ።

«ስለ ጦሙሳ ምን አለሽ?»

«ምንም አላለም» አልኳት።

ረስቼ አይደለም። አንድ ወር ብቻ እንደ እኔ ትጠማ ብዬ ነው።

ዘሐራ ግን ደስ አላት። «ዘንድሮስ እንደ ሰው ልጦም ነው» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራች። እናቴም ማፍጠሪያ ላይ ደህና ደህናውን ቴምር እየመረጠች ለእሷ ትሰጥ ጀመር። እኔም የባሰ ቀናሁ። ሽንቷ እንደ ሻይ መጥቆሩን በጆሮዬ ስትነግረኝ «ሙቀቱ ነው» አልኳት። እኔ፣ የገዛ እህቷ።

ረመዳን ሳያልቅ ጎኗን ይዛ መሬት ላይ ተንከባለለች። ጠጠር ነው፣ ከኪኒኑና ከውሃ ጥም ነው ተባለ። እናቴ «ያ ሐኪም ምነው ሳይነግረን» ብላ ረገመችው። እኔም አብሬ ረገምኩት። ዘሐራ ፈርታ ኪኒኑን ተወች። በሽታው ተመልሶ ደጃፋችን ላይ ጣላትና ግንባሯ ተፈነከተ። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ሻሽ እየሳበች ትሸፍነዋለች።

ቅናት አሳስቶኝ ነው አልልም። አውቄ ነው ያደረግኩት።

ለዒድ አፉ እንባባላለን፤ ይቅር መባባል ነው። በየዓመቱ እጇን ይዤ «አፉ በይኝ ዘሐራ» እላታለሁ።

«አፉ ብያለሁ እታለም። ምን በድለሽኝ?» ትለኛለች።

«ምንም» እላታለሁ።